ጉዳዩ፦ የአቶ ጉታን ቤት ማዛወር

ሰው ሁሉ አመል አለው፤ የበለጥሽ አመል ወረቀት ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስትደበድብ ኖራ፣ ኋላ ኋላ ጣቷም አንደበቷም ደብዳቤ ሆኖ ቀረ። ከጎረቤት ስኳር ስትበደር እንኳ "ከላይ እንደተገለጸው" ማለት ነበር የሚቀራት። ክፉ ሰው ግን አይደለችም። እንዲያውም የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ እንደሷ ያለ ልጅ ይስጠን ይል ነበር። ብቻ ያ አመሏ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ስድሳ የዶርዜ ወንድ ጦርና ዱላ አስይዞ አስወጣባት። ነገሩ እንዲህ ነው።

አባቷ አቶ ጉታ የሚኖሩት ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ተራራ ላይ፣ ዶርዜ ነበር። ሸማኔ ናቸው፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን ሸማው አይደለም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚታታ ነው፤ ትልቅ ቅርጫት ደፍተው ያስቀመጡት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ እየበላ በየዓመቱ ያሳጥረዋል። ቦታው አልስማማ ሲል ደግሞ ጎረቤት ይጠራና፣ ከሥሩ ተቆርጦ፣ አግዳሚ እንጨት ገብቶለት፣ እንዳለ በትከሻ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ስድሳ ሰው እኩል እንዲያነሳ፣ እኩል እንዲራመድ፣ እኩል እንዲያስቀምጥ ከፊት ሆኖ የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ጉታ ነበሩ። የእሳቸው ድምፅ ያላነሳው ቤት በዚያ ቀበሌ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ፣ ከመደብ ለመነሳት ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው። አርባ ምንጭ ያየቻቸው ሐኪም በለጥሽን ለብቻዋ ጠርታ አልሸሸገቻትም። መድኃኒቱ ያስታግሳቸዋል እንጂ አያድናቸውም፤ ክረምቱን ማለፋቸውን እንጃ፤ አሁን ከኪኒን ይልቅ የሚያስፈልጋቸው አጠገባቸው የሚውል ሰው ነው አለቻት። በለጥሽ በዚያን ቀን ከሴቻ እስከ ታችኛው ሰፈር እስከ ሲቀላ በእግሯ ወረደች። መኪና መኖሩንም ረስታው ነበር።

አጠገባቸው የሚውል ሰው አልጠፋም። ወንድሟ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማውን ይሠራል፤ ሚስቱ አገኘሽ ግን ከመኪናው መንገድ ዳር ካለው ግቢዋ በቀን አራት ጊዜ ቁልቁለቱን እየወረደች ለአማቷ ምግብ ታደርሳለች። የጉታ ቤት ከታች ሸለቆው አፍ ላይ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ያ አገር ጉም ከያዘው ደግሞ በጋም ቢሆን አይደርቅም። እኛ ጋ ይምጡ ተባሉ፤ እምቢ አሉ። በለጥሽ ሴቻ ወሰደቻቸው፤ ሙቀቱ ቀቀለኝ፣ የቆርቆሮው ጩኸት አላስተኛኝም ብለው በሦስተኛው ቀን ባዶዋን ወደ ተራራው በምትወጣ መኪና ተሳፍረው ተመለሱ። እሺ፣ ቤትዎን ትተው ካልመጡ ቤቱ ራሱ ተነሥቶ አገኘሽ ግቢ ይምጣ ሲባሉማ የባሰ ተቆጡ።

"ቤት አስነሺው እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ የሚያነሳኝ ማን ነው?" አሉ። በዚህ ነገሩ ተዘጋ።

ታኅሣሥ ላይ አገኘሽ ምሳ ይዛ ስትወርድ ጉታን ጭቃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ላንሳዎት ብላ ብትጠጋ በከዘራ አባረሯት። አልወደቅሁም፣ ዕረፍት ላይ ነኝ አሏት። ከረፋድ ጀምረው ቀትር እስኪያልፍ እዚያው ጭቃ ላይ "ዐርፈው"፣ በመጨረሻ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ቤታቸው ገቡ። አገኘሽ ይህን ለበለጥሽ የነገረቻት እየሳቀች ነበር፤ በለጥሽም አብራት ሳቀች፤ ከዚያ ጓሮ ዞራ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ፍርሃት ያዘቻት። አንድ ቅዳሜ ከመኪና ወርዳ ስትሄድ አባቷን በዚያ ቁልቁለት ብቻቸውን፣ የሚያነሳቸው ሳያገኙ፣ ሞተው ልታገኛቸው ነው። ይህች ፍርሃት ሰኞም ማክሰኞም ከጽሕፈት መኪናው ፊት አብራት ትቀመጥ ጀመር።

በዶርዜ ቤት ሲነሳ ጎረቤት የሚጠራው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ደጅ ለደጅ ዞሮ፣ አፍ አውጥቶ ይለምናል። ሌላም ደንብ አለ። ለቤት የተሰበሰበ ትከሻ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። በለጥሽ ይቺን ሁለተኛዋን ደንብ ያዘች። አባዬ ጎረቤት አይጠሩም፤ እኔ ልጥራላቸው፤ ሰዉ ግቢያቸው ከሞላ በኋላ ሂዱ ለማለት ፊት አይኖራቸውም ብላ አሰበች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አጠራሩ ነው ጉዱ። እሷ እንደሆነ ከቅዳሜ በቀር አትወጣም፤ ቅዳሜ ደግሞ ሥራው ራሱ የሚሠራበት ቀን ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? ደብዳቤ ጻፈች።

የመሥሪያ ቤቱን አዲስ ወረቀት መንካት ሌብነት ነው ብላ፣ ተበላሽተው የተጣሉትን ሰብስባ በጀርባቸው ጻፈች። እዩልኝ ሐቀኝነቷን። ወረቀቶቹ ግን በፊት ለፊታቸው ክብ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈባቸው ነበሩ። ጽሑፉም እንዲህ ይላል፦

"ጉዳዩ፦ የአቶ ጉታን ቤት ማዛወርን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው የአቶ ጉታ ቤት አሁን ካለበት ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ስለተፈለገ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት በቦታው በመገኘት የበኩልዎን ትብብር እንዲያደርጉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለአቶ ጉታ።"

"ከሰላምታ ጋር" ከሚለው በታች ለፊርማ የሚሆን ቦታ ክፍት ትታ አወጣችው። ስሟን አልጻፈችም። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ደብዳቤ የጻፈች ሴት፣ የራሷን ስትጽፍ መፈረም የሚባል ነገር ትዝም አላላት። እንዲህ ያለ አሥራ አምስት ደብዳቤ አጣጥፋ ወደ ተራራው ለሚመላለሰው የአይሱዙ ሾፌር ለካሱ ሰጠችው፤ ካሱም ሐሙስ ዕለት ዶርዜ ገበያ ላይ ቸኩሎ አድሎት፣ ከማን እንደሆነ ሳይናገር መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ግልባጩን ግን ለጉታ አልወሰደም። የጉታን ምላስ ያውቃላ።

በዚያን ጊዜ ማኅተም ያለበት ወረቀት መንደር ከገባ ወይ ግብር ነው፣ ወይ መሬት ነው። መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ ጎበዝ ተማሪ የነበሩት ሽማግሌው አቶ ሊሻን ደብዳቤውን ገበያ መሐል ጮክ ብለው አነበቡት። እንዲዛወር ስለተፈለገ ይላል። የፈለገው ማን ነው? ስም የለውም። ገልብጠው ቢያዩት ማኅተም። በቃ፣ ሰዉ ነገሩን ለራሱ ተረጎመው፤ መንግሥት የጉታን ቤት ሊያስነሳ ነው፣ ያውም በእኛው እጅ። አንድ የታመመ ሽማግሌ ከቤቱ ሊባረር! ሊሻን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ። ጉታ ልባቸው ደካማ ነውና ወሬው ጆሯቸው እንዳይገባ፣ ቅዳሜ ደርሰን ራሳችን እንጨርሰው አሉ። ሰዉም እሺ ብሎ አፉን ዘጋ።

አገኘሽ ይህን ሁሉ ገበያው ላይ ቆማ ሰምታለች። የበለጥሽን ሐሳብ ከወር በፊት ጀምሮ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ፤ ዝም ብላ ቤቷ ሄደች፣ ለስድሳ ሰው የሚበቃ ቦርዴ ጠመቀች፣ ቆጮ አዘጋጀች። በኋላ ሲጠይቋት ለማንሳትም ይምጡ ለመጣላት ትከሻው ያው ነው አለች። በቀን አራት ጊዜ ያንን ቁልቁለት የምትወጣና የምትወርድ ሴት ናት፤ ማን ይፈርድባታል።

ቅዳሜ ጠዋት በለጥሽ ከካሱ መኪና ወርዳ ቁልቁል ስታይ የአባቷ ግቢ በወንድ ጥቁር ብሏል። ደስታዋን አልቻለችውም። ወይ አገሬ፣ አንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ሰው ያመጣል ብላ፣ ጦሩንና ዱላውን ከሩቅ አግዳሚ እንጨት አድርጋ ቆጠረችው። ጫማዋን በእጇ ይዛ ጭቃውን እየተንሸራተተች ወረደች። ሊሻን በሩ ላይ ተቀበሏት፤ ዐይናቸው ቀልቷል።

"አይዞሽ ልጄ፣ ሬሳችንን ተራምደው ካልሆነ የአባትሽን ቤት ማንም አይነካትም" አሏት፤ ወረቀቱንም ሰጧት።

በለጥሽ የገዛ ደብዳቤዋን አየችው። ቁልቁል እስከ ባዶው የፊርማ ቦታ አነበበችው፤ ገለበጠችው፤ ማኅተሙን አየችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር፤ መሬት ደግሞ ሲፈልጓት አትከፈትም። እየተንተባተበች የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። አባዬን ከዚህ ጭቃ አውጥቼ አገኘሽ ግቢ ላስገባቸው፣ ትከሻችሁን ልለምን ብዬ ነው አለች። ከስድሳው ሰው ሸማውን ትቶ የመጣ አለ፤ ሚስቱን ተሰናብቶ የመጣ ሁሉ አለ። ከኋላ አንዱ መሳቅ ሲጀምር ሌላው ዱላውን መሬት ላይ ወረወረ። ሊሻን ግን አልሳቁም፤ እኛን በመንግሥት ስም ስታስፈራሪን ሰነበትሽ ብለው ሊነሡባት ሲሉ ከቤቱ ውስጥ ከዘራ መሬት ሲመታ ተሰማ።

ጉታ በዝቅተኛዋ በር፣ ግድግዳውን ይዘው፣ እንደ ምንም ወጡ። ማን ሞቶ ነው አሉ። በለጥሽ እጅ ላይ ያለችውን ወረቀት አዩ። ያቺን ወረቀት አንብብልኝ አሉ ሊሻንን፤ ሊሻንም ከራሱ እስከ ግርጌው አነበቡላቸው። ጉታ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። መጨረሻ ላይ ግልባጬ የታለ ብለው ጠየቁ፤ በለጥሽን ተከትሎ የወረደው ካሱ ከሰዉ መሐል አንገቱን ደፍቶ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ጉታ ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ሊሻን፣ አንተ ደግሞ የተማርክ ነህ" አሉ። "መንግሥት መቼ ነው 'በአክብሮት' ብሎ ጽፎልህ የሚያውቀው? ይህ የልጄ እጅ ነው።"

ከዚያ ሳቁ። ወራት ሙሉ ያልሳቁትን አንድ ላይ ሳቁት፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ትንፋሽ ማጠር ተለወጠባቸው። በለጥሽ ደንግጣ ልትደግፋቸው ብትሮጥ ከዘራው ከፊቷ ተጋረደ። እሷም እዚያው ከዘራው ጫፍ ላይ ቆማ፣ በስድሳ ሰው ፊት፣ በልቧ የነበረውን አወጣችው።

"አባዬ፣ አንድ ቅዳሜ ስመጣ እዚህ ጭቃ ላይ ሞተው እንዳላገኝዎት ነው የምፈራው። ሌላ ምንም አይደለም" አለች።

ጉታ ሰዎቹን አዩ፤ ለእሳቸው ቤት ሊሞት የመጣ ስድሳ ሰው አዩ። ከመሐላቸው ቤቱ በጉታ ድምፅ ያልተነሳለት አንድም አልነበረም። አንዳንዱማ የአባቱም የአያቱም ጭምር።

"የተሰበሰበ ትከሻ ባዶውን አይመለስም" አሉ በመጨረሻ። "ለወረቀቱ ብዬ አይደለም፤ ላንቺም ብዬ አይደለም። ለትከሻው ነው።"

ለማን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል፤ ደንቡን ግን ማንም አልተከራከረም። ጦሩ አጥር ላይ ተደገፈ፣ ዱላው ተጣለ፣ መጥረቢያና የባሕር ዛፍ አግዳሚ ከየቤቱ መጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስድሳ ሆነው ደግሞ መቀላለድም ጨመሩበት። ሊሻንም ኩርፊያቸውን ዋጥ አድርገው በለጥሽን ለሌላ ጊዜ ፈርሚ ልጄ አሏት። ጉታን ወደ ላይ የምታወጣ የሊሻን በቅሎ ተጠርታ ከድንጋዩ ካብ አጠገብ ቆመች። ጉታ ማንም እንዳይነካኝ ብለው ካቡ ላይ በራሳቸው ወጡ፤ ከካቡ ወደ ኮርቻው እግራቸውን ለማሻገር የፈጀባቸውን ጊዜ አልናገርም። በዚያ ጊዜ ሁሉ ስድሳው ሰው ሰማይ ሰማዩን እያየ ስለ ዝናብ ሲያወራ ነበር። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።

ሊሻን ጉታ ይረፉ፣ ዛሬ እኔ ላስነሳ አሉ። ገቡበትና ጮኹ፤ ሰዉ አነሳ፤ ቤቱ ወደ ግራ ተጣመመና ጓ አለ። አንድ ጊዜ ደግመው ጮኹ፤ አሁን ወደ ቀኝ ተጣመመ። ጉታ በቅሎዋ ላይ ሆነው ጥርሳቸውን ነክሰው ታገሡ፤ መታገሥ ግን ልማዳቸው አይደለም። የውስጡን ግርዶሽ ማን ፈታው ብለው ጠየቁ። ማንም አልፈታውም። የከብቱን ማደሪያ ከሰው የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ከመሬት ጋር እንደተተከለ ነው፤ እነሱ ከላይ ቤት ያነሳሉ፣ ግርዶሹ ከታች ይጎትታቸዋል። ጉታ ከዚያ ወዲያ ሊሻንን ዝም አሰኙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ተሰንጥቋል፣ መሐል መሐል ትንፋሽ ያጥረዋል። ግን ልኩን ያውቃል። ግርዶሹን ከሥሩ ቁረጡና ፍቱ፣ አጫጭሮቹ ከላይ በኩል፣ ረጃጅሞቹ ከታች በኩል ግቡ አሉ። ከዚያ የድሮዋን ጥሪ ጠሩ፤ ሰዉ ሆ ብሎ ተቀበለ፤ ቤቱ ከመሬት ለቀቀ። ከታች በኩል የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነበር፤ ቤቱ እግር አውጥቶ ዳገቱን የወጣ ይመስላል። ሴቶቹ ከኋላ እልል እያሉ ተከተሉ። በለጥሽ በቅሎዋን እየሳበች ከአባቷ ጎን ሄደች፤ እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርድ ነበር፣ ሁለቱንም ለመደበቅ አልሞከረችም።

አገኘሽ ከጓሮዋ፣ ንፋስ ከማይነካው እንሰቱ ሥር፣ ቦታ ደልድላ ጠብቃ ነበር። ጉታ ግን እዚያ አልደርስም አሉ። ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ አገኘሽ ሽንኩርት ካበቀለችበት መደብ ላይ አስቁሙት አሉ፤ በሩም ወደ መኪናው መንገድ ይዙር። አቧራ አለ፣ ጩኸት አለ ቢሏቸው አልሰሙም። የሚመጣ የሚሄደውን ልይ፤ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቺ ከመኪና ስትወርድ ከበሩ ሆኜ ልያት አሉ፤ "ይቺ" ሲሉ በለጥሽን አላዩዋትም። አገኘሽ ሽንኩርቷ ሲረገጥ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያቺ ቁልቁለት ከቀረችላት ሽንኩርት ምን ያደርግላታል።

ሰዉ ቦርዴውን ጠጥቶ፣ ቆጮውን በዳጣ በልቶ፣ ተመራርቆ ሲበተን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጉታ ከበቅሎዋም በራሳቸው ነበር የወረዱት፤ በዚያችው ጉልበታቸው አለቀ። በአዲሱ ደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ብርድ እየመጣ ነው። መግባት አለባቸው፤ የዶርዜ ቤት በር ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ሳይሉ አያስገባም። ከዘራቸውን ተክለው ሊነሱ ሞከሩ፤ ግማሽ ደርሰው ተመለሱ። ደግመው ሞከሩ። በለጥሽ አጠገባቸው ቆማ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ያዘች፤ ብትዘረጋቸው ምን እንደሚገጥማት ታውቃለች። አገኘሽ ዕቃ የምታነሳ መስላ ወደ ቤቷ ገባች።

ጉታ ለረጅም ጊዜ መንገዱን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙት።

"በለጤ፣ ነይ አንሺኝ" አሉ።

በለጥሽ የሰማችውን አላመነችም። ቸኩላ ጎንበስ አለችና ብብታቸው ሥር እጇን ከተተች።

"እንደሱ አይደለም" አሉ ጉታ። "ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ወገብሽን አትጠፊ። አንዱን ክንድ ከጀርባዬ፣ አንዱን ከጉልበቴ ሥር። አትቸኩዪ። እኔ ሳልልሽ እንዳታነሺ።"

እንደታዘዘችው አደረገች። ጉታ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ያንን ለስድሳ ሰው የሚጠሩትን ጥሪ በጆሮዋ፣ በቀስታ፣ ለእሷ ብቻ ጠሩ። እሷም አነሳቻቸው። ይከብዱኛል ብላ ነበር፤ አልከበዷትም። አንጀቷን የበላት እሱ ነው። እንደ ቤታቸው ሁሉ እሳቸውም ከሥር ከሥር አልቀዋል። በበሯ ጎንበስ ብላ፣ ጭንቅላቴን ጠብቂ እያሏት፣ አስገባቻቸው፤ መደባቸው ላይ አጋድማ በጋቢ ሸፈነቻቸው፤ ፊቷን እንዳያዩባት ወደ እሳቱ ዞረች።

"ደህና አነሳሽ" አሉ ከኋላዋ። "ነገ ጠዋት ደግሞ ወደ ደጅ ታወጪኛለሽ፣ ፀሐይ ልሙቅ። ስትሄጂ አነሳሱን ለአገኘሽ አሳዪያት።"

"እሺ አባዬ" አለች በለጥሽ።